የእጥበት መስመር የሚከፍት እጅ የት ይማር?

(የዓለም የኩላሊት ቀንን ምክንያት በማድረግ በአዲስ አበባ ለሕዝብ የቀረበ ንግግር፤ ለኅትመት ተስተካክሎ የቀረበ)

ስለ ኩላሊት ሕመም በአደባባይ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ የሚነሡት ገንዘብና ማሽን ናቸው። ማሽኑ አይበቃም፤ የአንዱ ቀን እጥበት ዋጋ የብዙ ቤተሰብ አቅም አይችለውም። ሁለቱም እውነት ስለሆኑ ደጋግመው ቢነገሩ አይበዛባቸውም። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን በማሽኑና በሰውየው መካከል ስላለው ነገር ነው፤ ደም ከሰውነት ስለሚወጣበትና ታጥቦ ስለሚመለስበት መስመር። ያንን መስመር የሚከፍተው እጅ የት ነው የሚማረው? በማንስ ላይ? ዓላማዬ ይህን ጥያቄ ከሐኪሞች የስብሰባ ክፍል አውጥቼ ለእናንተ ለታካሚዎችና ለአስታማሚዎች ማቅረብ ነው፤ ምክንያቱም የሚመለከተው የእናንተን አንገትና የእናንተን ክንድ ነው።

በመጀመሪያ ይህ መስመር እንዴት እንደተገኘ በአጭሩ አወሳለሁ። ከዚያ ካቴተር (ወደ ደም ሥር የሚገባ ቱቦ) በአንገት ሲገባ እጅ ማወቅ ያለበትን ነገርና እሱም የሰው አካልን በሚመስል ሞዴል ላይ እንዴት እንደሚለመድ እናገራለሁ። ቀጥዬ ብዙም ወደማይወራለት ወደ ነርሶች መርፌ እሻገራለሁ። ስጨርስ በእኛ አገር ዛሬውኑ ሊሠራ የሚችለውን እጠቁማለሁ። በሆድ በኩል የሚደረገው እጥበት ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ለሌላ ጊዜ ትቼዋለሁ።

ሆላንዳዊው ዶክተር ቪለም ኮልፍ አገራቸው በጀርመን ጦር ተይዛ በነበረችበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1943፣ ካምፐን በምትባል ትንሽ ከተማ የሠሩትን ሰው ሠራሽ ኩላሊት ለመጀመሪያ ጊዜ በታካሚ ላይ ሞከሩ። ደሙ የሚታጠበው ለቋሊማ መሸፈኛ በሚያገለግል የሴሎፎን ቱቦ ውስጥ እየዞረ ነበር። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አብዛኞቹ አልዳኑም፤ እ.ኤ.አ. በ1945 ግን አንዲት የ67 ዓመት ሴት ራሳቸውን ከሳቱበት ነቅተው ተረፉ። ማሽኑ እንደሚሠራ ታወቀ። ነገር ግን ለእያንዳንዱ እጥበት ቆዳ እየተቀደደ የደም ሥር እየተገለጠ ቱቦ ይገባበት ነበር፤ አንድ ጊዜ ያገለገለው የደም ሥርም ዳግመኛ አይመችም። ስለዚህ ኩላሊቱ ለጊዜው የደከመ ሰው ሊታገዝ ይችል ነበር፤ ኩላሊቱ ጨርሶ የሞተበት ሰው ግን የደም ሥሩ ሲያልቅ ሕይወቱም ያልቅ ነበር። ማሽኑ እያለ ሰው ይሞት ነበር ማለት ነው።

ይህን የለወጡት በአሜሪካ የሲያትል ከተማው ዶክተር ቤልዲንግ ስክሪብነር ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1960 ከመሐንዲሱ ዌይን ኩዊንተን ጋር ሆነው ደም በቀላሉ የማይጣበቅበትን ቴፍሎን የተባለ ነገር ተጠቅመው፣ በክንድ ላይ ደም ቅዳውንና ደም መልሱን የሚያገናኝ ቋሚ ቱቦ ሠሩ። የመጀመሪያው ታካሚ የቦይንግ ፋብሪካ ሠራተኛው ክላይድ ሺልድስ ነበር፤ ከዚያ በኋላ 11 ዓመት ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1966 ደግሞ በኒውዮርክ ብሮንክስ የሚሠሩት ዶክተር ብሬሺያና ዶክተር ቺሚኖ፣ ቀዶ ሐኪሙን ዶክተር አፔልን ይዘው፣ ከቆዳ በላይ ምንም ቱቦ የማያስቀር ዘዴ ለዓለም አሳወቁ፤ በእጅ አንጓ አጠገብ ደም ቅዳውን ከደም መልሱ ጋር በቀጥታ መስፋት። ዛሬ ፊስቱላ የምንለው ይህንኑ ነው። (በወሊድ ጊዜ የሚደርሰውን ጉዳት ማለቴ እንዳልሆነ ልብ በሉልኝ፤ ይሄኛው ሐኪም ሆን ብሎ የሚሠራው መጋጠሚያ ነው።) የደም ቅዳው ግፊት ወደ ደም መልሱ ሲገባ ደም መልሱ በሳምንታት ውስጥ ይሰፋል፣ ግድግዳው ይጠነክራል፣ በየጊዜው ለሚወጋው መርፌም ይዘጋጃል። እጅ ሲያርፍበት ይነዝራል፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ።

ይህን ታሪክ ያነሣሁት አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ ነው። የኩላሊት እጥበት ሰውን ለዓመታት የሚያኖር ሕክምና የሆነው ማሽኑ በተፈለሰፈ ጊዜ ሳይሆን መስመሩ በተገኘ ጊዜ ነው። መስመሩ ደግሞ ከመደርደሪያ አይገዛም። ካቴተሩ ይገዛል፣ መርፌው ይገዛል፤ መስመሩን ግን የሚሠራውም የሚያበላሸውም የሰው እጅ ነው። አንድ ሰው ያለው የደም ሥር ደግሞ የተቆጠረ ነው። ፊስቱላ የሚሠራበት ቦታ በእያንዳንዱ ክንድ ጥቂት ነው። የአንገት ቀኝ ደም መልስ በተደጋጋሚ ካቴተር ጠቦ ከተዘጋ ወደ ግራው፣ ግራው ሲዘጋ ወደ ጭን እየተሄደ፣ እያንዳንዱ ያልተሳካ ሙከራ ከዚያ ጥቂት ሀብት ላይ ይቀንሳል። ገና በሠላሳዎቹ ዕድሜ እጥበት ለሚጀምር ሰው ይህ የብዙ ዓመት ሕይወት ጥያቄ ነው።

አሁን ወደ ካቴተሩ ልምጣ። በአሜሪካ እንኳ ከአሥር አዲስ የእጥበት ታካሚዎች ስምንቱ ገደማ የሚጀምሩት በካቴተር ነው። እኛ ዘንድ በሽተኛው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሰውነቱ አብጦ፣ ትንፋሹ አጥሮ፣ አንዳንዴም ራሱን ስቶ ነው። ፊስቱላ ሠርቶ እስኪደርስ ሳምንታት ለመጠበቅ ጊዜ የለም። በዚያው ሰዓት፣ ምናልባትም በሌሊት፣ ተረኛው ሬዚደንት (በስፔሻላይዜሽን ሥልጠና ላይ ያለ ሐኪም) አንገቱ ላይ ካቴተር ማስገባት አለበት።

ሥራው ሲታይ ቀላል ይመስላል። በአልትራሳውንድ የአንገቱ ቀኝ ደም መልስ ይፈለጋል፤ ወደ ልብ ቀጥ ብሎ ስለሚወርድ ቀኙ ይመረጣል። በማሳያው ላይ ሁለት ጥቁር ክቦች ጎን ለጎን ይታያሉ፤ አንዱ ደም መልሱ፣ ሌላው ደም ወደ አንጎል የሚወስደው ደም ቅዳ። በመሣሪያው ጫን ሲባል ደም መልሱ ይጨፈለቃል፤ ደም ቅዳው ግን እየመታ ክብ እንደሆነ ይቆያል። ከዚያ ቦታው ይደነዝዛል፣ መርፌው በአልትራሳውንዱ ዓይን ሥር ይገባል፣ ጠቆር ያለና የማይፈናጠር ደም ሲመጣ በመርፌው ውስጥ ቀጭን ሽቦ ይሰደዳል። ይህን በሽቦ የመግባት ዘዴ ያስተዋወቁት ስዊድናዊው የራዲዮሎጂ ሐኪም ስቬን ሴልዲንገር ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1953። መርፌው ይወጣል፣ ሽቦው ይቀራል፤ በሽቦው ላይ ቀዳዳውን የሚያሰፋ ዳይሌተር ይገባል፣ በመጨረሻም ወደ 4 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ውፍረት ያለው ካቴተር።

አደጋው ያለው በእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ነው። ሽቦው በደም መልሱ ውስጥ መሆኑን በአልትራሳውንድ ሳያረጋግጡ ዳይሌተር መግፋት ደም ቅዳውን በሰፊው መብሳት ሊሆን ይችላል፤ በቀጭን መርፌ ሲወጋ በመጫን የሚቆመው ደም ያን ጊዜ በመጫን አይቆምም። ሽቦው በጣም ከገባ የልብ ምት ይዛባል። ሽቦውን የያዘው እጅ ለአፍታ ከለቀቀው ሽቦው ተከትሎ ወደ ውስጥ ሊሄድ ይችላል። መርፌው ወደ ታች ከዘለቀ ሳንባ ይበሳል። ቱቦው ክፍት ሳለ ታካሚው በኃይል ቢተነፍስ አየር ወደ ደም ይገባል። ጓንት የነካው ነገር ንጹሕ ካልነበረ ደግሞ ከቀናት በኋላ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይመጣል፤ የደም ኢንፌክሽን ማለት ነው። ከአንገት ይልቅ በትከሻ ሥር ያለውን ደም መልስ መምረጥም የራሱ ዕዳ አለው፤ ያ የደም ሥር ሲጠብ በዚያ ወገን ወደፊት የሚሠራውን ፊስቱላ ያበላሻል።

ይህን ሁሉ መጽሐፍ ያስተምራል። ሽቦ ሲጎተት የሚሰማውን ትንሽ እምቢታ፣ መርፌ የደም ሥርን ግድግዳ ሲያልፍ የሚሰማውን፣ ዓይን ማሳያው ላይ እያለ ግራ እጅ አልትራሳውንዱን ሳያንሸራትት ቀኝ እጅ መርፌውን ማንቀሳቀሱን ግን መጽሐፍ አያስተምርም። በሕክምና ትምህርት ዓለም የቆየ አባባል አለ፤ አንዱን እይ፣ ሁለተኛውን ሥራ፣ ሦስተኛውን አስተምር ይላል። ብዙ ትውልድ የሠለጠነው በዚህ ነው። ሌላ መንገድ ባልነበረበት ጊዜ የተማሩትን መምህራኖቻችንን ለመውቀስ አይደለም የማነሣው። ዛሬ ግን ሌላ መንገድ አለ፤ ያንን መንገድ እያወቅን ሁለተኛውን በሰው አንገት ላይ ሥራ ማለት ከእንግዲህ ተገቢ አይደለም ብዬ አምናለሁ።

በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ፣ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ፣ ዶክተር ጄፍሪ ባርሱክና ባልደረቦቻቸው ይህን በጥንቃቄ ፈትነውታል። የኩላሊት ሐኪም ለመሆን የሚሠለጥኑ የአንደኛ ዓመት ሐኪሞችን የእጥበት ካቴተር ማስገባት በአንገት ሞዴል ላይ አለማመዷቸው። መጀመሪያ ሁሉም በእርምጃ ዝርዝር ተፈተኑ፤ ከዚያ ተለማመዱ፣ ስሕተታቸው እዚያው ተነገራቸው፣ ደግመው ተለማመዱ፣ ዳግም ተፈተኑ። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመው ውጤት አስደናቂ ነው። በሞዴል የተለማመዱት ጀማሪዎች በተለመደው መንገድ ሠልጥነው ሊመረቁ ከተቃረቡት በልጠው ተገኙ። ዓመታት በራሳቸው ችሎታ አይሆኑም። ሰው ለዓመታት ያንኑ ስሕተት እየደጋገመ፣ ማንም ሳያርመው፣ በራሱ እየተማመነ ሊሄድ ይችላል።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ብዙዎች የሚስቱት ነጥብ ነውና። ሞዴል መግዛት ሥልጠና አይደለም። ፕላስቲኩ ማንንም አያስተምርም። የቺካጎውን ሥልጠና ሥልጠና ያደረገው ሦስት ነገር ነው ብዬ እገምታለሁ። ማለፊያው አስቀድሞ የተወሰነ ነበር፤ ማንም ከእሱ በታች ሆኖ ወደ ታካሚ አይሄድም። ጊዜው ግን አልተወሰነም፤ አንዱ ፈጥኖ ይደርሳል፣ ሌላው ተጨማሪ ሰዓት ይፈልጋል፣ ሁለቱም ሲያልፉ እኩል ናቸው። እኛ የለመድነው ተቃራኒውን ነው፤ የሦስት ቀን ኮርስ ይሰጣል፣ ሦስቱን ቀን የተቀመጠ ሁሉ የምስክር ወረቀት ይወስዳል፣ እጁ ምን እንደሚችል ማንም አልጠየቀም። ሦስተኛው ነገር ከጎን የሚቆመው አሠልጣኝ ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ አንደርስ ኤሪክሰን ቫዮሊን ተጫዋቾችን አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1993 እንዳሳዩት፣ ችሎታን የሚያሳድገው አስተማሪ ባመለከተው መንገድ ያልተቻለውን ክፍል ለይቶ እያረሙ ደጋግሞ መሥራት ነው።

ሌላው የዚያው ቡድን ጥናት በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚሠሩ ሬዚደንቶችን የሚመለከት ነው። ያስገቡ የነበረው የእጥበት ካቴተር አይደለም፤ ግን በዚያው መንገድ፣ በዚያው ሽቦ የሚገባ የትልቅ ደም መልስ ካቴተር ነው። ሬዚደንቶቹ በሞዴል ከመሠልጠናቸው በፊት ካቴተር በተቀመጠበት በየ1000 ቀኑ 3.2 የደም ኢንፌክሽን ይታይ ነበር፤ ከሠለጠኑ በኋላ ወደ 0.5 ወረደ። ወጪውም ተሰልቷል። ለሥልጠናው በዓመት 112 ሺህ ዶላር ገደማ ወጣ፤ ሳይደርሱ በቀሩት ኢንፌክሽኖች የዳነው ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ሥልጠና ቅንጦት ነው ለሚለን የበጀት ኃላፊ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ክፍል፣ ወደ ነርሶች መርፌ፣ እንሻገር። ካቴተርን ሐኪም አንድ ጊዜ ያስገባል። ፊስቱላን ግን ነርስ በእያንዳንዱ እጥበት በሁለት መርፌ ትወጋለች፤ አንዱ ደም ለማውጣት፣ ሌላው ለመመለስ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ለሚታጠብ ሰው ይህ በዓመት ከ300 በላይ መርፌ ነው። በገንዘብ እጥረት በሳምንት ሁለቴ ብቻ ለሚታጠቡትም ከ200 ይበልጣል። መርፌው ለደም ምርመራ እንደሚገባው ያለ ቀጭን አይደለም፤ ማሽኑ በደቂቃ እስከ 300 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም አንድ የለስላሳ ጠርሙስ ሙሉ ደም የሚስብበት ነው። ሆኖም ስለ እጥበት መስመር ሥልጠና ሲወራ የሚጠራው ሐኪሙ ነው። ብዙ ነርሶች ፊስቱላ መውጋትን የተማሩት ከቀደመችው ነርስ ጎን ቆመው፣ ከዚያም ወረፋው ሲረዝም ያውልሽ ተብለው ነው። ይህ አድልዎ ይመስለኛል። የመስመሩ ዕድሜ ከማንም በላይ በእነሱ እጅ ነው።

የፊስቱላ አወጋግ ከሚመስለው የረቀቀ ነው። መርፌ ከመነሣቱ በፊት ዓይን ያያል፣ እጅ ይዳስሳል፣ ጆሮ ያዳምጣል። ንዝረቱ ቀርቶ ጠንካራ ምት ብቻ የሚሰማ ከሆነ ወደፊት መጥበብ አለ ማለት ሊሆን ይችላል፤ ምንም የማይሰማ ከሆነ ተዘግቷል፣ መርፌም አይገባበትም። መርፌው በ25 ዲግሪ ገደማ ጋደል ብሎ ይገባል፤ ደም ብልጭ ሲል ዝቅ ተደርጎ ቀስ ብሎ ይገፋል። ቀጥ ተደርጎ ከተገፋ የኋላውን ግድግዳ ይበሳል፤ ደም ከቆዳ ሥር ይፈስሳል፣ ክንድ ያብጣል፣ ይበልዛል። በለጋ ፊስቱላ ላይ አንድ እንዲህ ያለ መርፌ ማለት የዚያን ቀን እጥበት ማጣት፣ ክንዱ እስኪያገግም ሳምንት መጠበቅ፣ ብዙ ጊዜም ወደ አንገት ካቴተር መመለስ ነው። ፊስቱላ ራሱ ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ አዲስ ከተሠሩት ፊስቱላዎች ከአሥሩ ስድስቱ ገደማ ለእጥበት በሚመች ሁኔታ እንዳልደረሱ አሳይቷል። በስንት ድካም የደረሰውን አንዱን በመጀመሪያው ሳምንት በአወጋግ ማጥፋት ምን ያህል ኪሳራ እንደሆነ አስቡት።

ቦታ መቀያየርም አለ። ነርሷ ባለፈው እጥበት ደም በቀላሉ ከወጣበት ቦታ ዛሬም ብትወጋ ለሁለቱም ይቀላል፤ ታካሚውም ቦታው ስለደነዘዘ እዚያው ይሁንልኝ ይላል። በወራት ውስጥ ግን ያ ቦታ ይሳሳል፣ ያብጣል፣ እንደ ከረጢት ይነፋል። ትክክለኛው በፊስቱላው ርዝመት ላይ በየእጥበቱ ቦታ እየለወጡ መሄድ ነው። ለዚህ ልምምድ የሚያስፈልገው የልምምድ ክንድ ብዙ ውስብስብ አይደለም፤ ሲሊኮን ወይም ጄላቲን ውስጥ የተቀበረ ለስላሳ ቱቦ፣ ቀይ ቀለም ያለው ውሃ፣ ውሃውን እየገፋ ንዝረት የሚፈጥር ትንሽ ፓምፕ። ነርሷ ንዝረቱን በጣቷ ትከተላለች፣ አቅጣጫውን ትለያለች፣ ትወጋለች። የኋላውን ግድግዳ ብትበሳ ቀዩ ውሃ ከሥር ሲሰርግ ታየዋለች፤ ካስፈለገ ሞዴሉ ተቀድዶ መርፌው የት እንዳረፈ ይታያል። ይህን በሰው ክንድ ላይ ማየት አይቻልም። የሚታየው እብጠቱ ብቻ ነው፣ እሱም ከረፈደ በኋላ።

ሞዴል ሁሉን ያስተምራል ብዬ አላጋነንም። ሲሊኮን አይፈራም፣ አይንቀሳቀስም፣ ተጋድሞ መተንፈስ አያቅተውም። እውነተኛው ታካሚ ደግሞ ፊቱ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ፣ ምን እየተደረገበት እንዳለ ሳያይ፣ አንገቱ ላይ ሰዎች ሲሠሩ ይሰማል። በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፕሮፌሰር ሮጀር ኒቦን ለዚህ ጥሩ መላ አስተዋውቀዋል፤ ሞዴሉን ከሚተውን ሰው አካል ጋር ያያይዙታል። ሠልጣኙ በፕላስቲኩ ላይ ይሠራል፣ ከሰውየው ጋር ግን ይነጋገራል። አሁን ትንሽ ይቆጠቁጥዎታል፣ አባባ፤ እንዳይንቀሳቀሱብኝ፤ ካመመዎት በቃል ይንገሩኝ፤ ማለትን እጁ ሥራ ላይ እያለ ይማራል። ይህ በእኛ ሕዝብ ዘንድ ትልቅ ቦታ አለው። ሐኪሙ ዝም ብሎ የሠራበት ታካሚ ሥራው ቢሳካም ተንቄያለሁ ብሎ ይሄዳል።

ታላላቅ ባልደረቦቼ፣ ሐኪም ታካሚ ሳይነካ ሐኪም አይሆንም ትሉኛላችሁ። እውነት ነው። እኔም የምለው ታካሚ አይነካ ሳይሆን መጀመሪያ በሚነካበት ቀን እጁ እርምጃዎቹን ያወቀ ይሁን ነው፤ ያኔ ሐሳቡ ሁሉ በሰውየው ላይ ሊያርፍ ይችላል፤ የመምህሩም ድርሻ ከማዳን ወደ ማስተማር ይለወጣል።

የመጨረሻው ክፍል ስለ አገራችን ነው። ውድ ሞዴል ከውጭ ካልመጣ አይሆንም የሚል ሐሳብ ሰፍኗል። ታሪክ ሌላ ይላል። በ18ኛው ምዕተ ዓመት ፈረንሳይ ውስጥ ማዳም ዱ ኩድሬ የተባሉ አዋላጅ በንጉሥ ሉዊ 15ኛ ድጋፍ ከአውራጃ አውራጃ እየዞሩ የገጠር ሴቶችን ማዋለድ ያስተምሩ ነበር። ማስተማሪያቸው ከጨርቅና ከቆዳ በእጅ የተሰፋ የእናት ዳሌና የሕፃን አሻንጉሊት ነው፤ አንዱ እስከ ዛሬ በሩዋን ከተማ ሙዚየም ይገኛል። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን በጨርቅ የተቻለው ዛሬ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ መቀሌ፣ ጅማ ወይም ሐዋሳ የማይቻልበት ምክንያት የለም። በዶሮ ደረት ሥጋ ውስጥ የላስቲክ ቱቦ አሳልፎ ባለቀለም ውሃ መሙላት ለአልትራሳውንድ ልምምድ በብዙ አገር የሚሠራበት ነው። የአገልግሎት ጊዜያቸው ያለፈ ካቴተሮችና ሽቦዎች ከታካሚ ዕቃ በጥብቅ ተለይተው፣ ለልምምድ ብቻ ተብሎ ተጽፎባቸው ሊቀመጡ ይችላሉ። የደም ሥር መስፋት ለሚማሩ ቀዶ ሐኪሞች ከቄራ የሚገኝ የደም ሥር ይበቃል። በሕክምና ትምህርት ቤቶቻችንም ስኪል ላብ የሚባለው የመለማመጃ ክፍል አለ፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ ተማሪው ከመመረቁ በፊት የሚጎበኘው፣ ከተመረቀ በኋላ የማይመለስበት መሆኑ ነው። ያልተጠቀሙበት ችሎታ ስለሚደክም፣ በየስድስት ወሩ ወይም በየዓመቱ ተመልሶ መፈተን የሥራው አካል መሆን አለበት።

አቅሙ እንዳለን ያየነው ነው። በ2008 ዓ.ም. በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተጀመረው ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር በተደረገ ትብብር ባለሙያዎች አስቀድመው ሠልጥነው ነው። ለንቅለ ተከላ የተደረገው ዝግጅት ለካቴተርና ለመርፌ የማይደረግበት ምክንያት የለም። ንቅለ ተከላን የሚጠብቀው ሰው እስከዚያ የሚኖረው በዚህ መስመር ነው።

ለታካሚዎችና ለቤተሰብ ሁለት ነገር እለምናለሁ። ኩላሊቱ እየደከመ ያለ ሰው ፊስቱላ ሊሠራበት ከሚችለው ክንድ፣ ብዙ ጊዜ ከማይጽፍበት እጅ፣ ደም አይቀዳ፣ ግሉኮስ አይሰካበት፣ የደም ግፊትም አይለካበት፤ ለነርሷ ራሳችሁ ንገሯት፣ ከእጅ ጀርባ ወይም ከሌላው ወገን ይቀዳልኝ በሉ። ሁለተኛ፣ ፊስቱላ ያላችሁ በየዕለቱ ጠዋት በጣታችሁ ንዝረቱን አዳምጡ፤ ከጠፋ እስከሚቀጥለው እጥበት አትጠብቁ፣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ሂዱ። ካቴተር ሊገባላችሁ ሲል የሚሠራው ሐኪም ልምምድ አድርጎ እንደሆነ፣ አልትራሳውንድ ይጠቀም እንደሆነ መጠየቅም ድፍረት አይደለም፤ መብታችሁ ነው፤ ጥሩ ሐኪምም ሲጠየቅ አይቆጣም።

ለሆስፒታል ኃላፊዎች ደግሞ ይህን እላለሁ። ቀጣዩን የእጥበት ማሽን ስትገዙ ከዚያው በጀት ላይ ለአንድ የልምምድ ክንድ፣ ለአንድ የአንገት ሞዴልና ከመደበኛ ወረፋ ነፃ ሆና ሌሎችን ለምታሠለጥን አንዲት ልምድ ያላት ነርስ የሥራ ሰዓት ቁረጡ። ማለፊያውን ወስኑ፤ ያላለፈ እጅም፣ ሐኪም ይሁን ነርስ፣ ብቻውን ወደ ታካሚ እንዳይሄድ በጽሑፍ ደንግጉ።